ጃይሮው ከጋሽ ሚሊ የተማረው

«እኔ አውሮፕላኔ ላይ ሞግዚት አልቀጥርም! ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ጎርሻለሁ፣ በገዛ እጄ መስታወት ቆርጫለሁ፣ በገዛ እጄ አብርሬያለሁ። አልፈልግም ካልኩ አልፈልግም!»

ይሄን ያለው መስታወት ቆራጩ ጋሽ ሚሊ ነው። ቀስ ብሎ ያለው እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው ላይ የተደገፉት ስስ መስታወቶች «ዝዝዝ» ብለው መለሱለት።

የተጮኸበት ደግሞ የሚስቱ ወንድም ሽቦ ነው። ሽቦ ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። ሽቦ የተባለው በሥራው ይሁን በቅጥነቱ እስከ ዛሬ አልተጣራም። መዳፉ ላይ የክብሪት ቀፎ ግማሽ የምታክል ጥቁር ነገር አስቀምጦ፣ ቀለበት ይዞ እንደመጣ ሽማግሌ በአክብሮት ቆሟል። ያቺ ጥቁር ነገር ጃይሮ ትባላለች። ጸቡ ሁሉ በሷ ነው።

ሦስተኛዋ ሰው በሩ ላይ ነበረች፤ የጋሽ ሚሊ ሚስት፣ የሽቦ ታላቅ እህት። መዋለ ሕፃናት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ስትይዝ ኖራለች። ልጆቹ እትዬ አሏት፣ እናቶቻቸው ከልጆቹ ሰሙ፣ ሰፈሩ ከእናቶቹ ሰማ፣ አሁን የገዛ ባሏም እትዬ ነው የሚላት። ሻሿን እያስተካከለች ገባችና በቀዝቃዛው ድምጿ፣ ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ ሲነክስ በምታወጣው ድምጽ፣ ጠየቀች።

«ሞግዚት ምን ነውር አላት?»

ጋሽ ሚሊ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አንቺን አላልኩም።»

«እኔ ምንድነኝ ታዲያ? ፓይለት ነኝ?»

ሽቦ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። ጋሽ ሚሊ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ማንም ለካልኝ ያላለውን ጠረጴዛ ለካ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ጋሽ ሚሊን ጋሽ ሚሊ ያሰኘው ሚሊሜትር ነው። ደንበኛ መጥቶ «አርባ በስልሳ ቁረጥልኝ» ቢለው አይቆርጥም። ሜትሩን ይዞ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ መስኮቱን በአራቱም ጎን ይለካል፣ ከዚያ እንደ ዳኛ ጎሮሮውን ይጠርግና «አርባ ከሁለት ሚሊ ነው» ይላል። ሰውየው «ሁለት ሚሊ ምን ትሆናለች ጋሼ» ያለው እንደሆነ አለቀለት። «ላንተ ምንም ናት። ለነፋስ ግን በር ናት» ይለዋል። ሰፈር ውስጥ ይቺን አባባል እሱን መስሎ የማይላት ልጅ የለም። አንዱን ቅንድብ ሰቀል፣ አገጭን ወደ ውስጥ፣ «ለነፋስ ግን በር ናት።»

አውሮፕላኑ የጀመረው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ከከተማው ጫፍ ሥራ ያቆመ የሸክላ ፋብሪካ አለ። ጡብ ይሰጣበት የነበረው ሜዳ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ጋሽ ሚሊ የዘበኛውን ቤት መስኮት ሊገጥም ሄዶ፣ የመድኃኒት ቤቱ ፋርማሲስት ከሦስት አራት ሰው ጋር ሆኖ ትንሽ አውሮፕላን በሪሞት ሲያበር አየ። የመስታወት ማጣበቂያው ስቱኮ እጁ ላይ እየደረቀ ቆሞ ቀረ። ፋርማሲስቱ አዘነለትና ሪሞቱን ለግማሽ ደቂቃ አስያዘው። ከዚያች ግማሽ ደቂቃ በኋላ እትዬ እሁድ እሁድ ባል የላትም።

ያሁኗን አውሮፕላን ራሱ ነው የሠራት። ቢጫዋ ይላታል። ክንፏ ከስስ እንጨትና ከፎም ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትለካ ስንት እንደሆነች እንዳትጠይቁት፣ ይነግራችኋል። ኮላዋን ሲቀባ ቤቱ ውስጥ ማስነጠስ ክልክል ነበር።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት የጋሽ ሚሊ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሐኪሙ አይቶ መርምሮ ክፉው ዓይነት እንዳልሆነ ነገረው። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ አይገድልም፣ ሰው ሲያይህ ግን ይብስብሃል አለው። እንደተባለው ብቻውን ሲሆን እጁ ጨዋ ነው። ሰው ዓይኑን የጣለበት እንደሆነ እንደ ተጠራች ሙሽራ መርበትበት ይጀምራል። ቤት ውስጥ ማንም አላወራበትም። እትዬ ሻይ ስትቀዳለት ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት ጀመረች፣ እሱም ግማሽ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ መጠጣት ለመደ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ድሮ በግራ እጁ ተጭኖ የሚይዛትን ሪጋ፣ መስመር የሚያስይዘውን ቀጥ ያለ እንጨት ማለት ነው፣ በሁለት ሞርሴቶ፣ በብረት መቆንጠጫ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥርቅም አድርጎ ያስራትና መቁረጫውን በሷ ጥግ ይስባል። መስታወቱ እንደ ድሮው አንድ ጊዜ «ክርር» ብሎ፣ «ጧ» ብሎ ይለያል። ደንበኛ ምንም አላወቀም።

አየር ላይ ግን ሞርሴቶ የለም። ባለፈው እሁድ ቢጫዋን ሊያሳርፍ ዝቅ ሲያደርጋት አምስት ሰው እያየው ነበር። አውራ ጣቱ ዘለለች፣ ቢጫዋም አብራ ዘለለች፣ ሜዳውን ትታ በዘበኛው መስኮት ገባች። እሱ ራሱ በገጠመው መስታወት! ዘበኛው በተሰበረው በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሽ ሚሊ፣ ገበያ ሲጠፋ እንዲህ ነው እንዴ የሚደረገው?» ሲለው ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሚሊም ሳቀ። ከሰዓት በፊት አዲስ መስታወት ቆርጦ ገጠመለት።

ሰኞ ማታ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ግን ፋርማሲስቱ መጣ። የሚያበሩትን ሰዎች ስም የሚይዘው እሱ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ መራራ መድኃኒት ሲሸጥ ለምዶበት ክፉ ወሬ ሲያወራም ድምጹን ያለሰልሳል። ስለ አየሩ ጠየቀ፣ ስለ መስታወት ዋጋ ጠየቀ፣ ስለ እትዬ ጉልበት ጠየቀ። ከዚያ ወደ ገደለው ገባ። ሰዎቹ ተነጋግረዋል፣ ዘበኛው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቢሆንስ ብለዋል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ሚሊ በኖራ በተሰመረው ውስጥ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ካሳረፈ እንደ ድሮው ይቀጥላል። ካልሆነም ሜዳው የሱ ነው፣ እየመጣ ማየት ይችላል።

«ወንበር እናዘጋጅልዎታለን፣ ጋሽ ሚሊ» አለ በለሰለሰው ድምጽ።

ወንበሩ ነው የገደለው። የዚያን ቀን ራት አልበላም። «ወንበር» ይላል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። የተቀመጠበት ወንበር መሆኑ ትዝ ሲለው እንደገና ይነሳል። አሥራ አንድ ዓመት ያበረረበት ሜዳ ላይ እንደ ሠርግ ታዳሚ ተቀምጦ የሰው አውሮፕላን ማየት ታየው።

ማክሰኞ ሽቦ ጃይሮውን ይዞ የመጣው ለዚህ ነው። እኛም ያለነው እዚያው ጸብ ላይ ነው።

ሽቦ ጋሽ ሚሊ እስኪበርድለት ጠበቀና ማስረዳት ያዘ። ይቺ ነገር አውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ትቀመጣለች አለ። ነፋስ ወይም እጅ ክንፏን ድንገት ወደ አንድ ጎን ሲገፋት፣ ሰው ዓይቶ ሳይጨርስ እሷ ታውቅና ክንፉ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክዳኖች በተቃራኒው ታዛቸዋለች። ያንተን ትእዛዝ አትነካም። ወደ ቀኝ ካልክ ቀኝ ነው። የምትገታው ያላዘዝከውን መወዝወዝ ብቻ ነው። እሁድ የተጎዳው አፍንጫዋ በኮላ የተጠገነላትን ቢጫዋን ከመደርደሪያ አውርዶ ጃይሮውን ለጊዜው በጎማ አሰረባትና ክንፏን ድንገት ወደ ግራ አጋደለው። ክዳኖቹ ማንም ሪሞት ሳይነካ «ዚት» ብለው ወደ ሌላው ተላወሱ።

ጋሽ ሚሊ ሳያስበው ጠጋ አለ። ራሱ አጋደላት። «ዚት።» ወደ ቀኝ አጋደላት። «ዚት።» ፊቱ ላይ ልጅ መጣ፣ ግን ወዲያው አባረረው።

«ስለዚህ እሷ ናት የምታበረው። እኔ ምን ልሠራ ነው እዚያ የምቆመው?»

እትዬ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄዳ የታሰረችውን ሪጋ በጣቷ ነካች።

«ይቺ ሪጋ መስታወት ትቆርጣለች?»

«ሪጋ ምን ትቆርጣለች? ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው።»

«ማነው የሚቆርጠው?»

«እኔ ነኛ።»

«እኮ» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ጋሽ ሚሊ ሪጋዋን አየ፣ ሞርሴቶዎቹን አየ። ሁለት ዓመት ማንም አላየብኝም ያለውን ነገር ሚስቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያየች ዝም ማለቷ ገባው። ሽቦን እያኮረፈ፣ እሺ ግጠመው፣ ግን ሪሞቱ ላይ ማጥፊያ አድርግልኝ፣ ስፈልግ አጠፋዋለሁ አለው። ሽቦ መጀመሪያውንም ማጥፊያ እንዳለው አልነገረውም። «ለአንተ ስል እጨምራለሁ» አለና ጉራውን ቸረቸረ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቅ ሳይከፈት፣ ሁለቱ ሜዳው ላይ ተገኙ። ቢጫዋ ተነሣች። ፍጥነት ስትጨምር ግን ክንፏ «ትርርር» ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብርድ እንደያዛት ዶሮ። ሽቦ የጃይሮውን ጉልበት መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ አዙሮት ኖሯል፤ ጃይሮው ሲያርም ያበዛል፣ ያበዛውን መልሶ ያርማል፣ እንደዚያ እያለ ከራሱ ጋር ይጣላል። ጋሽ ሚሊ ግን ይሄን ከመስማቱ በፊት ቀለሙ ተለዋወጠ። «እየቀለደችብኝ ነው» አለ። «እኔን እየመሰለች ነው።» ሽቦ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጡብ ክምር ላይ ተቀመጠ። ኋላ መቆጣጠሪያውን ወደ መሐል መለሰውና መንቀጥቀጡ ቆመ።

መንቀጥቀጡ ቆመና ሌላ መጣ። ቢጫዋ በሁለተኛው በረራ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። ቀጥ አድርጎ ይለቃታል፣ እሷ ቀስ እያለች ወደ ግራ ታጋድላለች፣ ዕቃ እንደከበዳት ሴት። ሲያሳርፋትም ኖራውን ሳትነካ ሣር ውስጥ ገባች።

ሽቦ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ፈታት፣ መረመራት። ምንም የላትም። ክዳኖቹ ቀጥ፣ ጃይሮው ጨዋ። ሐሙስ ጠዋት መልሰው ወሰዷት፤ አሁንም ወደ ግራ። ሐሙስ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ፤ ምንም የላትም። ዓርብ ጠዋት ሜዳ ላይ፤ ይባስ ብላ ወደ ቀኝ። ሽቦ ሊያብድ ደረሰ። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚጠፋበት በሽተኛ አይቶ ያውቃል፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ግን አይቶ አያውቅም። የሱቁን ደንበኞች ረስቷል፤ ሁለት ሰው ስልኬን ብሎ ሦስቴ ተመላልሷል። ጋሽ ሚሊ ደግሞ እንዳሸነፈ ሰው ይዞረዋል። ድሮም ነግሬሃለሁ፣ መሣሪያ በመሣሪያነቱ ይቀራል፣ እጅን የሚተካ የለም ይለዋል። ይበለው እንጂ ቀኖቹን በጣቱ መቁጠር ይዟል። ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ጃይሮውን አውጥቶ ሲሞክርም የገዛ እጁ ከበፊቱ አልተሻለችም፤ ሽቦ ስላየው ብቻ ሁለቴ ዘለለችበት።

ቅዳሜ መዋለ ሕፃናቱ ዝግ ነው። እትዬ ዣንጥላዋን ይዛ አብራቸው መጣች። ስለ በረራ ምንም አታውቅም፣ አውቃለሁም አላለች። ጡብ ላይ ፌስታል አነጠፈችና ተቀመጠች፤ ሥራዋ ማየት ነው። ሃያ ልጅ በአንድ ዓይን ማየት የለመደች ሴት ደግሞ ስታይ ብዙ ታያለች።

ጋሽ ሚሊ እንደ ልማዱ ተዘጋጀ። ልማዱ እንዲህ ነው። ባትሪውን ይሰካል። ወዲያው ቢጫዋን ብድግ አድርጎ ያቅፋታል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የመስታወት ጠርዝ እንደሚያይ በክንፏ ጫፍ በኩል አሻግሮ ያያል፣ የተጣመመ፣ ኮላው የለቀቀ ነገር እንዳለ። ዞር ያደርጋታል፣ ሌላውን ክንፍ ያያል። እፍ ብሎ አቧራዋን ያራግፋል። ከዚያ በኋላ ነው መሬት የሚያስነካት። አሥራ አንድ ዓመት ያለዚህ አላበረረም።

«አንተ» አለች እትዬ ወንድሟን፣ «ይቺ ነገር ገና ስትበራ ምንድነው የምታደርገው?»

ሽቦ ባለሙያ የተጠየቀ መሰለውና ደረቱን ነፋ። መጀመሪያ ትማራለች አላት። ባትሪ ሲሰካ ለአምስት ሰከንድ ያህል ዝም ብላ ታዳምጣለች። እንቅስቃሴ የለም ማለት ምን እንደሚመስል ያኔ ነው የምትይዘው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉን የምታነጻጽረው በዚያ ነው።

«አምስት ሰከንድ።»

«አምስት ሰከንድ።»

«በማን እጅ ላይ?»

ሽቦ ወደ ጋሽ ሚሊ እጆች ዞረ። ጋሽ ሚሊ ቢጫዋን እንደታቀፈ፣ እንደ ክርስትና አባት፣ ቀጥ ብሎ ቀረ። እጁ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ቢጫዋም በእቅፉ አብራ።

«ያ ጠረጴዛህ አይንቀጠቀጥም» አለችው ወንድሟን። «እዚያ ምንም የላትም። እዚህ ግን የምትማረው ከሱ ነው። ልጅ እያወዛወዝክ፣ ቀጥ ብለህ ቁም ማለት ይሄ ነው ብትለው፣ ጥፋቱ የልጁ ነው?»

ለካ ነገሩ እንዲያ ነው። ጃይሮው በየማለዳው ከጋሽ ሚሊ እቅፍ ውስጥ መወዝወዝን እንደ ጸጥታ ይማራል። በዚያች ቅጽበት እጁ ወደ ግራ ሲያዞራት ከነበረ ያንን ቀጥ ማለት ነው ብሎ ይይዘዋል፣ ወደ ቀኝ ከነበረም እንዲሁ። አየር ላይ ደግሞ በታማኝነት የተማረውን ይሠራል። ሽቦ ማስጠንቀቂያው ከጃይሮው ጋር በመጣችው ወረቀት ላይ እንደነበረ አሁን ትዝ አለው። ወረቀቷን ሻይ ሲፈስበት ጠረጴዛ ጠርጎባታል። ይሄን ሲናገር ድምጹ ከፋርማሲስቱ ድምጽ በላይ ለሰለሰ።

እትዬም ሽቦም የጋሽ ሚሊን ፊት ጠበቁ። ይቆጣል፣ ያኮርፋል ብለው። እሱ ግን ቢጫዋን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና እጆቹን አያቸው፤ ከፊትም ከኋላም። ከዚያ ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ። ሳቅ ነው። ሳቁ ሲያልቅበት ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ አገኘሁ» አለ፣ «እሱም የተማረው ይሄንን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሚሊ ሱቁን ዘግቶ ከውስጥ ያንጎዳጉድ ነበር። ሲወጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል። የጠረጴዛ መስታወት ቁራጭ ነው፣ ወፍራም፣ አራቱም ጠርዙ የተሞረደ። ቢጫዋን መሬት ላይ አስቀምጣትና ባትሪውን ስካ ሲሉት በመሬት አላምንም አለ። መሬት ይጎረብጣል፣ መስታወት አይዋሽም።

እሁድ ማለዳ ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። መስታወቱን በአራት ጡብ ላይ አሳረፈ፣ ውሃ ልክ አስቀመጠበት፣ በአንዱ ጡብ ሥር ወረቀት አጥፎ ከተተ፣ እንደገና ውሃ ልኩን አየ። ፋርማሲስቱና ሌሎቹ ሲደርሱ የቀዶ ጥገና ክፍል የተከፈተ መስሏቸው ድምጻቸውን ቀነሱ። ጋሽ ሚሊ ክንፎቿን ባትሪ ሳይሰካ በፊት አቅፎ አየ፤ ልማዱን አልተወም፣ ተራውን ብቻ ቀየረው። ከዚያ ቢጫዋን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፣ ባትሪውን ሰካ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ራቅ አለ። አምስት ሰከንድ ይበቃል ተብሏል፤ እሱ አሥር ቆጠረ።

ነፋስ ነበር። ከጎን እየመጣ የኖራውን አቧራ ያነሣዋል። ፋርማሲስቱ ለሌላ እሁድ እናዘዋውረው እንዴ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሚሊ በአንገቱ እምቢ አለ።

አምስት ሰው እያየው ነበር። አውራ ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው ተንዘፈዘፉ። ቢጫዋ ግን አየር ላይ ክር እንደተዘረጋላት ሄደች። ነፋሱ ክንፏን ሲያነሣው «ዚት» ብላ ትመልሰዋለች፤ ከታች አይሰማም እንጂ። ጋሽ ሚሊ በመጀመሪያው ዙር ትንፋሹን ይዞ ነበር። በሁለተኛው ዙር አንድ ነገር ታወቀው። ጃይሮው የሚገታው ያቺን ድንገት የምትዘልለውን ብቻ ነው። የት እንደምትዞር፣ መቼ ዝቅ እንደምትል፣ ሞተሩ መቼ እንደሚቀነስ የሚያውቀው እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያወቀው ሁሉ እዚያው አለ። የጠፋበት መስሎት የነበረው ከላዩ መንቀጥቀጡ ተከድኖበት ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ ከኖራው መሐል ሆነ። ሁለተኛው ወደ ዳር ቢወጣም ከውስጥ ነበር፤ ዘበኛው በአንድ ስንዝር ዳነች ሲል ጋሽ ሚሊ ሪሞቱን እንደያዘ ዞሮ «አሥራ አራት ሳንቲም ነው» አለው።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ፋርማሲስቱም በቅን ልቡ፣ «ይሄ መሣሪያ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው እባካችሁ» አለ።

ጋሽ ሚሊ ማጨብጨቡን አልሰማውም፣ ይቺን ግን ሰማት። ለሦስተኛው በረራ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ባትሪ ቀየረና፣ አሥሩን ቆጥሮ ሲጨርስ፣ «ይሄኛውን አጥፍቼ ነው የማሳርፈው» አለ።

ሽቦ ደነገጠ። ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ሳበው። ሁለት አርፈሃል፣ አንድ ነው የቀረህ፣ አፍህ ውስጥ የገባውን ምን አስተፋህ፣ ወንበሩን ረሳኸው ወይ እያለ በጆሮው ለመነው። ጋሽ ሚሊ እንደ ሐውልት ነው። ከተበላሸ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ካልተበላሸ ግን ማን እንዳሳረፈ አውቄ ቤቴ እገባለሁ አለው። ፋርማሲስቱ ሰዎቹን ለመጠለያ ከተወጠረው መረብ ኋላ እንዲሆኑ አደረገና፣ ሕጉ መስመር ውስጥ ማረፍ ነው እንጂ ስለ መሣሪያው አይልም ብሎ እጁን አነሣ። ሁለቱን ግን የሚያስማማቸው አልነበረም። ጋሽ ሚሊ አጠፋዋለሁ ይላል፣ ሽቦ በሬሳዬ ላይ ይላል።

እትዬ ፌስታሏን አጥፋ ተነሣች። መጥታ ከባሏ ጎን ቆመች፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጣቷን ሪሞቱ ጫፍ ላይ ባለችው ማጥፊያ ላይ አሳረፈች። ሻሿን ፈትታ እጇን ሸፈነችበት።

«እኔ ነኝ የምይዛት» አለች። «ላጥፋው፣ ልተወው፣ የኔ ጉዳይ ነው። አንተ አውርዳት።»

ጋሽ ሚሊ አያት። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው ይሄን ፊት ሲያይ፤ ምንም አላነበበበትም።

«ካልሽ እንግዲህ» አለ።

ቢጫዋ ተነሣች። እሷ ስትነሣ ነፋሱ ደግሞ ጥሪ እንዳለበት ሰው ድንገት ሄደ። ኖራው ላይ አቧራ አይነቃነቅም። አንድ ዙር አደረገ፣ ሰፊ። ሰው ያየኛል ብሎ አላሰበም፤ የሚያስበው የሚስቱ ጣት ምን እያደረገች ይሆን የሚለውን ነበር፣ ያንንም ግማሽ መንገድ ላይ ተወው። ዝቅ አደረጋት። ሞተሩን ቀነሰ። ቢጫዋ በጡቡ ክምር ጥግ አለፈች፣ አፍንጫዋን ትንሽ አነሣች፣ ጎማዋ ኖራው መሐል «ጭፍ» ብሎ አቧራ አስነሣና ተንከባልላ ቆመች።

እትዬ እጇን ከሻሹ ሥር አወጣች። ማጥፊያዋ በርታ ነው ያለችው። ጠፍታ ቆይታ አሁን ትብራ፣ ወይ ከመጀመሪያውም ትብራ፣ ያየ የለም።

ፋርማሲስቱ ደብተሩን አወጣና የሚቀጥለው እሁድ ገጽ ላይ የጋሽ ሚሊን ስም ጻፈ፤ ከራሱ ስም በላይ። ጋሽ ሚሊ ፊደሉን አንገቱን አስግጎ አነበበ፣ ሁለቴ። ዘበኛውም መጥቶ ጨበጠው፤ መስኮቴ ዛሬስ ተረፈች አለው። ወንበር ማንም አላነሣም።

ከዚያ ሁለቱ ጀመሩ። ጋሽ ሚሊ ቢጫዋን ታቅፎ፣ ጠፍቶ ነው ያረፈው አለ። በእጄ ታውቆኛል፣ ክብደቷን ሰምቼዋለሁ፣ የኔው እጅ ናት። ሽቦ ሳቀ። ያ ማረፊያ ያለ ጃይሮ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ አለ። ጋሽ ሚሊ አንተ ስለ ነፋስ ምን ታውቃለህ አለው፤ ሽቦ ነፋስማ አልነበረም፣ ለዚያ ነው ያልታወቀህ አለው። ነፋስ ካልነበረማ ጃይሮው ምን ሠራ ታዲያ አለ ጋሽ ሚሊ። እንደዚህ እያሉ መረቡን ዞሩት።

«እንወራረድ» አለ ሽቦ።

«እንወራረድ። የተሸነፈ ለሦስት ወር እሁድ እሁድ ይሄን ሜዳ ጠጠሩን ይለቅማል፣ ይጠርጋል። ብቻውን።»

ሜዳውን መጥረግ ሁሉም የሚሸሸው ሥራ ነው፤ ርዝመቱን ጋሽ ሚሊን ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ሌሎቹ ሰዎች ሲሰሙ ተሰበሰቡ፣ ፋርማሲስቱ እጃቸውን አስመታቸው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እትዬ ዞረ።

እትዬ መስታወቱን በጨርቁ እየጠቀለለች ነበር። በደንብ ጠቀለለች። ለወንድሟ አስያዘችው፣ ለባሏ ዣንጥላዋን አስያዘችው። ሁለቱም አፏን ያያሉ።

«መጀመሪያ» አለች፣ «ጥሩ መጥረጊያ ይፈለግ።»